የበቅሎ ተራ መጥሪያ ፕሮግራማችንን ስላገዱልን

ለተከበሩ አቶ ኢያቄም ምሥጋናው
የዲጂታል ጉዳዮች ማስተባበሪያ ክፍል ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎን እየጠየቅሁ፣ የአሸተን ማርያምን ዳገት ያለ በቅሎ የሚያስወጣ ጉልበት እንዲሰጥዎ እመኛለሁ፤ እስከ ትናንት በቅሎ አስፈልጎዎት ቢሆን ግን፣ በትእዛዝዎ ተራችን ስለተዘበራረቀ፣ የማን እንደሚደርስዎ አስቀድሜ መናገር አልችልም ነበር።

እኔ አመተ ማርያም ተክለ ሚካኤል፣ ተሳላሚና ቱሪስት ወደ ገዳሙ የሚያወጡ የሃያ ሦስት ባለ በቅሎዎች ማኅበር ጸሐፊ ነኝ። ፕሮግራመር አይደለሁም። ይህንን በአንድ የእግድ ደብዳቤ አራት ጊዜ ስላስታወሱኝ ከልብ አመሰግናለሁ።

አንደኛ፤ ተራ በደብተር በተያዘበት ዘመን ስም ጠሪው ይጮኻል፣ የሰማ ይሄዳል። ከአባሎቻችን አያ ጋሻዬ ግን ጆሯቸው ደክሟል። ባለፈው ጥቅምት በአንድ ሳምንት ሦስት ጊዜ ተራቸው አለፋቸውና «እኔስ የሞትሁ መሰለኝ፤ በቅሎዋን ልሽጣት» ብለው ኮርቻውን ፈትተው ወደ ቤታቸው ሄዱ። እኔም በማግስቱ ቢሮዎ መጥቼ፣ ተራ የደረሰውን ሰው ስልክ የሚያንቀጠቅጥ ፕሮግራም እንዲሠራልን ለመንሁ። «ባለሙያ ሲመደብ እንጠራሻለን» አሉኝ። እስከ ጥር ጠበቅሁ። ባለመጥራትዎ ባለውለታዬ ነዎት፤ ቢጠሩኝ ኖሮ ምንም ሳልማር እቀር ነበር።

ሁለተኛ፤ ሥራውን በራሴ ጀመርሁ። መጀመሪያ የያዝሁት ኮድ ሳይጻፍ ሳጥንና ቀስት በጣት እየጎተቱ የሚሠሩበትን መሣሪያ ነው። ሁለት ሳምንት ፈጀብኝ። የተሳሳተው ቀስት ቁልጭ ብሎ ስለሚታየኝ ወደድሁት፤ ነገር ግን አንድ እንግዳ ሁለት በቅሎ ሲፈልግ የሚሆን ሳጥን አልነበረውም። ስለዚህ ወደ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ዞርሁ። የምፈልገውን በአማርኛ ጻፍሁለት፤ ከምሳ እስከ ሠርክ ሠርቶ አስረከበኝ።

ኮራሁ። ኩራቴ አራት ቀን ቆየ። «የታመመ በቅሎ ተራው ይጠበቅለት» ብዬው ነበርና፣ የሙሉሃብት በቅሎ ያነከሰች ዕለት ፕሮግራሙ ተራዋን በታማኝነት ጠበቀላት፤ እስክትድን ድረስ ሌላ ማንንም አልጠራም። ሃያ ሁለት ባለ በቅሎ ስልኩን እያየ ተገተረ፣ እንግዶቹ ሰልችቷቸው በእግራቸው ወጡ። ሙሉሃብት «ምነው እቴ፣ በቅሎዬን ንግሥት አደረግሻት እኮ!» ብሎ ሳቀ። ሌሎቹ አልሳቁም፤ እኔም መግቢያ አጣሁ። ኮዱን ከፍቼ ባየው አንድም መስመር አልገባኝም። ስለዚህ ወደ ሳጥኖቼ ተመልሼ የተራውን አካሄድ ከነሕመሙ፣ ከነሁለት በቅሎው ሣልሁት። ባለ በቅሎዎቹ ቀስቱን በጣታቸው እየተከተሉ አረሙኝ፤ የታረመውን ሥዕል ለሰው ሠራሹ ረዳት ሰጥቼ «በዚህ መሠረት አስተካክል» አልሁት። ሳጥኑ ዘገምተኛ ግን ግልጽ፣ ረዳቱ ፈጣን ግን ድብቅ ስለሆነ አንድ ላይ ጠመድኋቸው። ከዚያም እንግዳ በሌለበት ቀን «የእገሌ በቅሎ ታመመ» እያልን ደጋግመን ሞከርነው። ከዚያ በኋላ ሁለት ወር ሙሉ የማንም ተራ አላለፈም። አያ ጋሻዬም ስልካቸውን ሱሪ ኪሳቸው ከትተው «ጆሮዬ ቢከዳኝ ጭኔ ሰማልኝ» አሉ።

ሦስተኛ፤ ይህን ጊዜ ክቡርነትዎ ወሬውን ሰምተው ደረሱልን። በሦስት ወር ያልተገኘው ባለሙያ በሦስት ቀን ተገኝቶ፣ ፕሮግራሙን አንዴም ሳይከፍት፣ «ኮድ ያልጻፈ ሰው ሶፍትዌር ሠራሁ ሊል አይችልም» የሚል እግድ ደረሰን። ታዝዘን ወደ ደብተሩ ተመለስን። በመጀመሪያው ጠዋት የተጠራው የአያ ጋሻዬ ስም ነበር። አልሰሙም፤ አለፋቸው። ስም ጠሪያችን አዳም የእሳቸውን ፊት አይቶ ደብተሩን ከደነና «ከእንግዲህ እኔ አልጮኽም» አለ።

ትናንት ጉባኤ ተቀመጥን። ፕሮግራሙ ይመለስ የሚል እጁን ያውጣ ስል ሃያ ሦስቱም አወጡ። አያ ጋሻዬ ጥያቄውን በደንብ ስላልሰሙት ለጥንቃቄ ሁለቱንም እጃቸውን አወጡ፤ ሕግ አክባሪ ነኝና አንዱን ብቻ ቆጠርሁ። እነሆ ከዛሬ ጠዋት ጀምሮ ፕሮግራሙ ሥራ ላይ ነው። ሥዕሉን በማኅበራችን ግድግዳ ላይ ለጥፈነዋል፤ ስሕተት ካለበት መጥተው በጣትዎ ያሳዩን፣ በዚያው ዕለት እናርመዋለን። ለዚህ ባለሙያ እስኪመደብ አንጠብቅም።

ቢሮዎ ለማኅበራችን ያላደረገውን ሁሉ እያመሰገንሁ፣ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ እነሣለሁ።

አመተ ማርያም ተክለ ሚካኤል
የተፈቀደላት ጸሐፊ፣ ያልተፈቀደላት ሶፍትዌር ሠሪ

ድኅረ ጽሑፍ፦ በእግድ ደብዳቤዎ ሁለተኛ ገጽ ላይ፣ ልክ ከማኅተሙ ከፍ ብሎ፣ «ደብዳቤው ይበልጥ ቆጣ ያለ እንዲሆን ከፈለጉ ላስተካክልልዎ እችላለሁ» የሚል መስመር ሳይጠፋ ቀርቷል። ሰው ሠራሹ ጸሐፊዎ እስካሁን መልስዎን እየጠበቀ ነውና፣ እባክዎ አያጉላሉት።