አይቼህ ነው ያገባሁህ

ውድ አማኔ፣

ከተለየኸን ዓመት ከስምንት ወር ሆነ። በስፌት መኪናህ ላይ አሁን የምቀመጠው እኔ ነኝ፤ የልብስ ሰፊዎቹ ማኅበርም ከብዙ ክርክር በኋላ በአንተ ቦታ መዝግቦኛል። ሐሊማችን ሦስተኛ ክፍል ገብታለች። ዛሬ የምጽፍልህ ግን ከአባቴ ጋር ስለተጣላሁ ነው።

ታናሽ እህቴን ፋጡማን ለአንድ የዲንሾ ነጋዴ አጯት። ሳላየው አላገባም አለች። አባቴም ከኒካህ በፊት መተያየት ነውር ነው ብለው ከለከሏት።

ያኔ ለእኔም ያሉት ይህንኑ ነበር። ታጭቼልህ ሳለ ለሚሊሺያ ተመልምለህ ሄድክ፤ ከምሥራቅ ግንባር ስትመለስ የፊትህ ግማሽ ተቃጥሏል ተባለ። ከዚያ በፊት ያየሁህ ሁለቴ፣ ያውም ከሩቅ ነበር። አባቴና እናትህ ተመካከሩና ኒካሁ እስኪታሰር እንዳላይህ ወሰኑ። አሁን ካየችው እምቢ ትላለች፣ ከገባች በኋላ ግን ትለምደዋለች አሉ። ይህን ከጎረቤት ስሰማ የተናደድኩት በቁስልህ አልነበረም። ዓይኔን አስጨፍነው ሊድሩኝ በማሰባቸው ነው።

በማግስቱ ጠዋት ገበያ ልሄድ ነው ብዬ፣ ገብስ በጫነ መኪና ተሳፍሬ ከሮቤ ጎባ መጣሁ። አጎትህ ሱቅ ውስጥ ሸሚዝ ትሰፋ ነበር። ስታየኝ ፎጣህን ፊትህ ላይ ሳብክና ወደ ግድግዳው ዞርክ። እንደዞርክም፣

"አይተሽ ብትመለሺ አልቀየምሽም" አልከኝ።

ፎጣውን እንድታወርድ ጠየቅሁህ፤ አወረድክ።

በሕይወት ሳለህም ነግሬሃለሁ፣ ደነገጥኩ። ወጥቼ ደጃፉ ላይ ተቀመጥኩ። ከዚያ ሁሉ ሰው መካከል እምቢ ማለት እንደምችል የነገርከኝ አንተ ብቻ መሆንህን እዚያ ተቀምጬ አሰብኩ። ተመልሼ ገባሁ።

"ፈርቻለሁ" አልኩህ፤ "ግን አገባሃለሁ። አይቼህ ነው የማገባህ።"

አባቴ ሲሰሙ እስከ ሠርጉ ቀን አኮረፉኝ። የኒካሁ ምስክሮች መጋረጃው ማዶ ቆመው ፈቃዴን ሲጠይቁኝ፣ እንደ ሌላው ሙሽራ አፍሬ ዝም እንድል፣ ዝምታዬም እንደ እሺታ እንዲቆጠር ይጠብቁ ነበር። እኔ ግን ግቢ ያሉት ሁሉ እስኪሰሙ "ወድጄ ነው" አልኩ። ሽማግሌዎቹ መሐል ተቀምጠህ ሳቅህን መቆጣጠር እንዳቃተህ በኋላ ነገርከኝ።

ታዲያ እኔ ፋጡማን እንዴት ብዬ ዝም በይ ልበላት? ሼኩን ሄጄ ጠየቅሁ፤ ዘመድ ባለበት መተያየትን ዲናችን አይከለክልም አሉኝ። ባለፈው ሳምንት በጠራራ ፀሐይ ሁለቱንም ቤታችን ጠራሁና በሩን ከፍቼ መሐላቸው ተቀመጥኩ። ሰውየው መልከ መልካም ነው፤ ትሑትም ይመስል ነበር፣ ትምህርቷን ትቀጥል እንደሆነ እስክትጠይቀው ድረስ። ለሚስት ትምህርት ምን ያደርግላታል ብሎ ሳቀ። ፋጡማ ሻዩን እስኪጨርስ ጠብቃ በአክብሮት ሸኘችው። የዚያኑ ዕለት ለአባቴ አላገባውም አለቻቸው።

አባቴ መጡብኝ። ጥፋቱ የራሳቸው እንደሆነ፣ ያን ጊዜ እኔን ዝም ባይሉኝ ኖሮ ይህ እንደማይመጣ ተናገሩ። አልተለማመጥኳቸውም።

"አባ፣ እኔ አይቼ እሺ አልኩ፤ እሷ አይታ እምቢ አለች" አልኳቸው። "ማየት ለእሺም ለእምቢም ነው።"

ከዚያ ወዲህ ደጄን አልረገጡም። ያመኛል። ግን አልጸጸትም፤ ነገ ሐሊማ ብትጠይቀኝም ያንኑ አደርጋለሁ።

እናትህ ሰሞኑን ከዘመቻው በፊት የተነሳኸውን ፎቶ አምጥተው፣ እንግዳ ሲመጣ የሚያምረውን መልክህን እንዲያይ ስቀይው አሉኝ። ተቀብዬ ሳጥን ውስጥ አኖርኩት። ግድግዳው ላይ ያለው ጎባ ፎቶ ቤት ሐሊማን ታቅፈህ የተነሳኸው ነው። ያኛውን ጎረምሳ አላውቀውም፤ ባሌ ይሄኛው ነው። ሰው ቢደነግጥም ይደንግጥ። እስክሞት የማስታውስህ በዚሁ ፊትህ ነው፣ አማኔ።

ሚስትህ ዘይነባ
ሮቤ