የወይራ ድልድያችንን በለጋ ባህር ዛፍ ለለወጡልን ኃላፊ

ለተከበሩ የመንገድና የደን ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣ እንደምን ሰንብተዋል? ወገብዎ፣ ጉልበትዎ፣ በተለይም አጥንትዎ ሁሉ ደኅና እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ፤ የአጥንትን ነገር ለምን እንዳነሣሁ ወደ ታች ሲያነቡ ይገባዎታል። እኔ ከአንኮበር በታች ሠላሳ ዓመት በአናጢነት የኖርሁ ዘርአ ዳዊት ነኝ። «ያለ ፈቃድ ወይራ ቆርጠሃል» የሚለው መጥሪያዎ ማክሰኞ ስለ ደረሰኝ፣ ምስጋናዬን ሕዝብ እየሰማ ላቀርብልዎ ወደድሁ።

፩. ወደ አልዩ አምባ ገበያ በሚያወርደው የእግር መንገድ፣ በወንዟ ላይ የነበረውን ድልድይ ስላፈረሱልን እናመሰግናለን። ተሸካሚዎቹ አራት የወይራ ግንዶች ነበሩ። ወይራ በዝግታ የሚያድግ፣ ምስጥ የማይደፍረው፣ አስቀድመው ካልበሱት ሚስማር የማይገባበት እንጨት ነውና፣ ከአርባ ክረምት በኋላ እንኳ የአንዱን ጫፍ ብሞክረው መጋዜ ዶለዶመ። እርስዎ ግን «አሮጌ ነው» ብለው አስነሷቸው። ከሰል ሆነው ለመሥሪያ ቤትዎ ግብዣ ሥጋ እንደ ተጠበሰባቸው ሰምቻለሁ። የወይራ ፍም ቶሎ አይከስምምና ጥብሱ እንደ ሠመረ አልጠራጠርም።

፪. በምትኩ በዚያው ሳምንት የተቆረጠ ለጋ ባህር ዛፍ ስላጋደሙልንም እንዲሁ። ቢሮዎ ድረስ መጥቼ፣ ኮፍያዬን አውልቄ፣ «ጌታዬ፣ ይህ እርጥብ ነው፤ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ ክረምት ሲመጣ ከውስጥ ይበሰብሳል፤ ቢያንስ እናድርቀው» ብዬ ለምኜዎ ነበር። ስልክዎን እየነካኩ «አንተ ሰውዬ፣ እንጨት እንጨት ነው፤ የምረቃው ቀን ተቆርጧል» አሉኝ። ሪባኑ በእርግጥም በሰዓቱ ተቆረጠ።

በሁለተኛው ክረምት፣ በነሐሴ፣ ጎረቤቴ አልታየች ነጭ ሽንኩርቷን ተሸክማ ስትሻገር አንዱ ግንድ ከመሐሉ ተሰበረ። ቋጥኝ ላይ ወድቃ ዳሌዋ ተሰበረ። በቃሬዛ ዳገቱን ስናወጣት «ለልጆቼ እንዳትነግሯቸው» ትለን ነበር፤ ግማሽ መንገድ ሳንደርስ ድምፅዋ ጠፋ። እኔም ሞተች ብዬ ቃሬዛውን እንደ ያዝሁ አለቀስሁ። ነፍሷን የደብረ ብርሃን ሐኪሞች አተረፏት። ቀጥ ብሎ መሄዷ ግን ቀረ።

፫. ጥገና ፈልገን ሦስት ጊዜ ስናመለክት «በዕቅድ ተይዟል» ስላሉን ደግሞ ምስጋናችን ወሰን የለውም። ዕቅዱን ስንጠብቅ፣ ከቆላው ወገን የሚያርሰው ረሺድ መጣና ከማሳው ዳር ያሉትን፣ አባቱ ያሳደጓቸውን ወይራዎች ሰጠን። «ውሰዷቸው። ሌላ ሰው ከሚወድቅ ዛፉ ይውደቅ፤ አላህ ያውቃል» አለ። ሲወድቁ ግን ፊቱን አዞረ። አምስት ወር በጥላ አደረቅናቸው፤ ከደጋም ከቆላም የመጣ ሰው ተረባርቦ በየካቲት አጋደምናቸው። ዛሬ የጭነት በቅሎ ያልፍባቸዋል። ጽሕፈት ቤትዎ ይህን መንገድ ያስታወሰው ያኔ ነው፤ መጥሪያ ይዞ።

እንግዲህ ረሺድን ይተዉልኝ፤ ምሣሩን የያዝሁት እኔ ነኝ። ሰኞ እቀርባለሁ።

ከወንበርዎ ሳይነሡ የሰው አጥንት መስበር መቻልዎን ዘወትር የማደንቅ፣
ታዛዥዎ አናጢ ዘርአ ዳዊት

ማስታወሻ፦ አልታየች የምትደገፍበትን ምርኩዝም ከዚያው ከወይራው ፍልጭ የጠረብሁት እኔው ነኝ። ለእርሱም ፈቃድ አልጠየቅሁምና ክሱ ላይ ይጨመርልኝ።