የእኔ ደም ያልገባበት ሙከራ

ይድረስ ለውድ አባቴ ለመሪጌታ ገብረ ክርስቶስ፣ ደቅ ደሴት።

እንደምን ሰነበቱ? ማኅሌት በመቆም የተጎዳው ጉልበትዎስ ተሻለዎት? እኔ፣ አምላክ ይመስገን፣ ደህና ነኝ።

እዚህ ፔዳ፣ በዩኒቨርሲቲው ግቢ፣ ቤተ ሙከራችን የሚደክመው ለእንዲህ ላለው ጉልበት ነው። ከሰው ደም ፕሌትሌት የሚባሉትን፣ ደም የሚያረጉትን ጥቃቅን ሕዋሳት እንለያለን። አቀዝቅዘን ስናሟሙታቸው ይፈነዱና የሚያሳድግ ንጥረ ነገር ይለቃሉ፤ በእሱ የመገጣጠሚያ ለስላሳ አጥንት ለማብቀል እንሞክራለን።

ማክሰኞ ደም ሰጪ ስለጎደለ እኔ ሰጠሁ። ባልደረባዬ የሻሽወርቅ ፕሌትሌቱን ሦስት ጊዜ ቆጠረችው። ቁጥሩ እጅግ ቢያንስባት ማሽኑ ተበላሽቷል ብላ የራሷን ደም አስገባች፤ ማሽኑ ደህና ነበር።

“ወንጌላዊት፣ ክንድሽን ምን አበለዘው?” አለችኝ።

“በር መትቶኝ ነው” አልኋት።

ወደ ሐኪም ወሰደችኝ፤ እሱም ከዳሌ አጥንቴ መቅኔ ቀድቶ መረመረ። ውጤቱ እንደመጣ ታናሼን ኪዲን ከዱርቤቴ አስጠራትና የእሷንም ደም አየ። “የእህትማማች መቅኔ አንዳንዴ ይገጥማል” አለን። ኪዲም “ሁሉንም ውሰዱት” አለችው።

እርስዎም በሰኞው ጀልባ ቢመጡ ደስ ይለኛል። ተማሪዎችዎን ለሌላ መምህር አደራ ይስጡ፤ ልብስም በርከት አድርገው ይያዙ።

እስክንገናኝ በጸሎትዎ ያስቡኝ፤ በክርስትና ስሜ ይጥሩኝ።

ልጅዎ ወንጌላዊት