ጠርሙስ እንዴት እንደሚሠራ

ውድ በረዶው፣

እንዴት ነህ ብዬ እንዳልጀምር፣ አንተ ካለህበት መልስ አይመጣም። ደህና ነኝ እንዳልል ደግሞ እግዜር ይታዘበኛል። ስለዚህ ሰላምታውን ዘልዬ ወደ ጉዳዬ ልግባ፤ መቼም ትዕግሥት የሚባል ነገር እንዳልፈጠረብኝ ታውቃለህ። የእንግሊዝኛውን ፈተና ተፈተንኩ። አብረን የተመዘገብነውን ፈተና፣ ብቻዬን።

ስንት ጊዜ ልተወው ብዬ እንደነበር አትጠይቀኝ። ግን ምን ምርጫ አለኝ? የምንኖርበት ቤት የጠርሙስ ፋብሪካው ነው፤ ሠራተኛው አንተ ነበርክ፣ አንተ ከሌለህ እኛም እንግዶች ነን። የአስተዳደር ኃላፊው ራሱ ነው መጥቶ ቤቱን ልቀቁ ያለኝ። "እህቴ፣ ነገሩ ከኔ በላይ ሆኖ ነው" አለኝ፣ ዓይኑን ወለሉ ላይ ተክሎ። ልጮህበት አፌን ከፍቼ ነበር፤ ሰውየው ከኔ በላይ ሲያፍር ሳየው ተውኩት። እናትህ እህትህ ጋ ይገባሉ። እህትህ ግን ያለቻት አንድ ክፍል ናት፣ ለኔና ለልጃችን መፈናፈኛ የላትም። ውጭ አገር ያለው ሆስፒታል ደግሞ ለነርስነት ከነልጄ ሊቀበለኝ ተስማምቷል፤ የሚጠብቀው የፈተናውን ውጤት ብቻ ነበር። ብወድቅ ልጃችንን ይዤ የምገባበት አልነበረኝም።

ለጽሑፉ ፈተና እንዴት እንደተማርን ታስታውሳለህ? ሥዕል ይሰጡናል፤ ስኳር እንዴት እንደሚመረት፣ ሲሚንቶ እንዴት እንደሚፈጭ። ሳጥን፣ ቀስት፣ ሳጥን፣ ቀስት። እኛ ደግሞ ሥዕሉን በእንግሊዝኛ መግለጽ ነው። መምህራችን፣ ያ ደግ ሰው፣ ስንት ጊዜ ነው የለመነህ! "ሥዕሉ ላይ ያለውን ብቻ ጻፉ። የሌለውን አትጨምሩ።" አንተ ግን ከኋላ ወንበር እጅህን ታወጣለህ።

"ቲቸር፣ ይሄን ጆንያ ማነው የሚሸከመው?"

"ሥዕሉ አይነግረንማ ወንድሜ።"

"በእግሩ ሄደ ማለት ነው?"

ክፍሉ በሳቅ ያልቃል። እኔ በጠረጴዛው ሥር ጭንህን እቆነጥጥሃለሁ። አንተ እንደ ስምህ ነህ፤ የፋብሪካው ሰዎች "በረዶው" ያሉህ እሳት አጠገብ ውለህም አንድ ቀን ተቆጥተህ ስለማታውቅ አይደል? እኔን ስታገባ፣ ነገር የሚያበርድልሽ አገኘሽ ብለው ነበር ዘመዶቼ የመረቁኝ።

መጀመሪያ የተፈተንክ ጊዜ በጽሑፉ ወድቀህ መጣህ። ምን ሆነህ ነው ብልህ ትንሽ አንገራገርክና ተናዘዝክ። በሲሚንቶው ሥዕል ላይ ጫኝ ጨምረሃል፣ ጠራጊ ጨምረሃል፣ በር ላይ ዘበኛ አቁመሃል። "ማሸጊያው ጋ ስደርስ ደግሞ ሠራተኞቹን ምሳ አስወጣኋቸው" አልከኝ።

"ምን ቆርጦህ ነው!" ብዬ ጮህኩብህ።

"ርቧቸዋላ" አልከኝ።

እናትህ እስኪያስነጥሳቸው ሳቁ። እኔም ንዴቱ ሳያልፍልኝ ሳቄ አመለጠኝ። ለሚቀጥለው አብረን እንመዘገባለን፣ አጠገብህ ቁጭ ብዬ እጅህን እይዛለሁ ተባባልን።

ከዚያ በኋላ የሆነውን አንተ ታውቀዋለህ፤ ከኔ በኩል ግን ምን እንደሚመስል አላየኸውም። ማዋለጃ ክፍል ተረኛ ነበርኩ። ፎርማናችሁ ኮሪደሩ ላይ ቆቡን በእጁ እየጨበጠ ቆሟል። "ትንሽ እጁን ነው" አለኝ። ትንሽ የሚለውን ቃል ከዚያ ወዲህ አልወደውም። ማሽኑ እጅጌህን ይዞ፣ ክንድህ እስከ ትከሻህ ተቃጥሎ ነበር። ገና ስታየኝ ያልከኝ "አትቆጪኝ" ነው። እንዴት እቆጣሃለሁ? ቁስልህን በገዛ እጄ አጠብኩ፣ በገዛ እጄ ጠቀለልኩ። የማላውቀውን የስንቱን ሰው ቁስል ያዳነ እጅ ያንተን ማዳን አቃተው። የቁስሉ መርዝ ወደ ደምህ ገብቶ ኖሮ ትኩሳትህ አልበርድ አለ። በረዶዬ፣ በመጨረሻ እንደ እሳት እየፈጀኸኝ ሄድክ።

እንግዲህ ወደ ፈተናው ቀን ልምጣ። አዳራሹ ሰፊ ነው፣ ወንበሮቹ ተራርቀው ተደርድረዋል። ወረቀቱን ገለጥኩ። ጠርሙስ ነው። ጠርሙስ እንዴት እንደሚሠራ።

አሸዋው አለ። ከሱ ጋር የሚደባለቁት ዱቄቶች አሉ። ምድጃው አለ፣ ከምድጃው የሚወርደው ትኩስ የመስታወት ጠብታ አለ። ቀጥሎ ትንሽ ቀስት፣ ከዚያ ጠብታው ጠርሙስ የሚሆንበት ብረት፣ እናንተ ሞልድ የምትሉት። ከዚያ ቀስ እያለ የሚያቀዘቅዘው ረጅም መጋገሪያ፣ ምርመራው፣ ካርቶኑ። ምንም የጎደለ ነገር የለም፤ ሲያዩት ንጹሕ፣ ሲያዩት ያምራል።

እኔ ግን ዓይኔ ከዚያች ቀስት አልነቀል አለ። አንተ እዚያ ነበርካ የምትቆመው! በረጅም ብሩሽ ግራሶ ይዘህ፣ ሞልዱ ሲከፈት ቀብተህ፣ ሳይዘጋ እጅህን ትመልሳለህ። ካልተቀባ መስታወቱ ይጣበቃል፤ ማሽኑን አቁመህ እንዳትቀባ ደግሞ ሥራው ቆመ ተብሎ ጩኸት ነው። እራት ላይ በማንኪያ አሳይተኸን ታውቃለህ፣ ልጃችንም ሣህኗን እያንኳኳች አብራህ ስትቀባ። ቀስቷ የጥፍሬን ያህል ናት። አንድ ሰው ከነቁመቱ እዚያች ውስጥ ጠፍቷል።

እርሳሱ ከኔ ፈቃድ ውጭ ሄደ። "እዚህ ላይ አንድ ሰው ሞልዱን በብሩሽ ይቀባል" ብዬ ጻፍኩ። ቀጥዬም "ፈጣን ሰው ነው" አልኩ። ወዲያው እንባዬ ዱብ አለ። ተቆጣጣሪዋ ጎንበስ ብላ "ደህና ነሽ እህቴ? ውሃ ላምጣልሽ?" ስትለኝ ራሴን ነቀነቅኩ።

ልጃችን ትዝ አለችኝ። ጠዋት ስወጣ ጫማዋን አድርጋ በር ላይ ቆማ "ዛሬ ነው የምንሄደው?" ብላኝ ነበር። ሰዓቱን አየሁ። ላጲሱን አነሳሁ።

መጀመሪያ ፈጣን መሆንህን አጠፋሁ። ቀጥዬ ብሩሽህን። "አንድ ሰው" የሚለው ጠንክሬ ስለጻፍኩት እሺ ብሎ አልለቅ አለ፤ ወረቀቱ እስኪሳሳ ፈተግኩት። ፍርፋሪውን በመዳፌ ጠረግሁና፣ ጠብታው ከምድጃው ወርዶ ሞልድ ውስጥ ይገባል ብዬ ጻፍኩ። ሥዕሉ የሚለውን ብቻ። መምህራችን ቢያየኝ ይኮራብኝ ነበር።

ውጤቱ ትናንት መጣ። አልፌያለሁ። ከሁሉም ከፍ ያለ ነጥብ ያገኘሁት በምን ይመስልሃል? በጽሑፉ። ወረቀቱን የሰጠችኝ ልጅ ተነስታ ጨበጠችኝ። እኔ ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ፣ የሚወጣና የሚወርደው እስኪያፍርልኝ አለቀስኩ።

ቤት ስገባ እናትህ የልጃችንን ልብሶች እያጠፉ ሻንጣ ላይ ይደረድራሉ፤ ማለፌን ሳልነግራቸው አውቀውታል። አገላብጠው ሳሙኝና "ለመሆኑ ምንድነው የጠየቁሽ?" አሉኝ።

"ጠርሙስ እንዴት እንደሚሠራ፣ እማዬ።"

እጃቸው ቆመ። "የኛን ፋብሪካ?"

"የኛን አይደለም። እንዲሁ ሥዕል ነው።"

"እና ስለ ልጄ ነገርሻቸው?"

ውሸት አፌ ላይ መጥታ ነበር። አዎ ብላቸው ምን ይጎዳል? ግን ዓይናቸው ውስጥ አንተን አየሁና አልሆነልኝም።

"አልነገርኳቸውም። ጽፌው ነበር፤ መልሼ አጠፋሁት። እንደተጻፈ ብተወው እንዳልወድቅ ፈራሁ።"

እንዲቆጡኝ ጠበቅኩ። ቢቆጡኝ በወደድኩ፣ እኔም እጮህና ይወጣልኝ ነበር። እሳቸው ግን የያዟትን ትንሽ ቀሚስ ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው በመዳፋቸው ሲያለሰልሷት ቆዩ።

"ደግ አደረግሽ" አሉኝ። "እዚያ ስትደርሺ ግን ትነግሪያቸዋለሽ። አሁን እኮ ቋንቋቸውን ትችያለሽ።"

እሺ ብያቸዋለሁ።

ባለቤትህ