ስለ አቶ መርቪን ትሬጌንዛ ሕልፈትና ስለ ኋለኛው ወንበር ማብሪያ

የማኅበራችን ሊቀ መንበር አቶ ኖርማን ፕሪድል ለአቶ መርቪን ትሬጌንዛ ሞት ተጠያቂ ናቸው። የሪቨሪና የድሮ ማሠልጠኛ አውሮፕላኖች ማኅበር ጽሕፈት ቤት ይህን አስቀድሞ የሚናገረው፣ ቀጥሎ ያለው ሁሉ ከዚህ ጋር አብሮ እንዲነበብ ነው። አቶ መርቪን እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 19 ቀን 2024 ከጄሪልደሪ ወጣ ብሎ ባለ እርሻ፣ በቆርቆሮ መጋዘን ውስጥ፣ በሙቀት ተመትተው በሰማንያ ሦስት ዓመታቸው ዐርፈዋል። ማኅበሩ ጥልቅ ሀዘን ተሰምቶታል።

በደንባችን የአባልን ሞት የሚያስታውቀው ጽሕፈት ቤቱ ነው፤ የኮሚቴ ፊርማ አያስፈልገውም። ኮሚቴው ያዘጋጀው አራት መስመር ጽሑፍ «በድንገተኛ ሕመም» ይል ነበር። ያ ጽሑፍ አልወጣም።

አቶ መርቪን በ1940 በዋላሩ ከተማ ተወለዱ። በአሥራ ስድስት ዓመታቸው የአየር ኃይሉን የቴክኒክ ትምህርት ቤት ተቀላቅለው የአውሮፕላን መለኪያ መሣሪያዎች ጠጋኝ ሆኑ። ዊራዌይ የተባሉት ማሠልጠኛ አውሮፕላኖች ወታደራዊ ሥራቸውን ሲጨርሱ የፍጥነትና የከፍታ መለኪያዎቻቸውን ከነቀሉት እጆች መካከል የእርሳቸውም ይገኙበታል።

በ2007 የማኅበራችን አባል ሆኑ። ሥራችን ዛሬ እምብዛም የማይበርሩትን ማሠልጠኛ አውሮፕላኖች ለክተንና ስለን፣ ሰው ቤቱ ተቀምጦ በኮምፒውተር እንዲያበርራቸው ማድረግ ነው። «ያልለካነውን አንስልም» የሚለውን ደንብ ያወጡት እርሳቸው ናቸው።

በ2009 የዛሬዋ የማኅበሩ ጸሐፊ በሃምሳ ስድስት ዓመቷ ማንበብ ስትማር፣ ከበረራ በፊት የሚታዩትን ነገሮች ዝርዝር በትልልቅ ፊደል ጽፈው ለልምምድ ሰጧት። ዝርዝሩ ከዚያ ወዲህ ለተጠቃሚዎች ሁሉ ይታደላል።

በ2011 አራት ዓመት የደከሙበት የኮምፒውተር ዊራዌይ ለተጠቃሚዎች ተለቀቀ። ይህ አውሮፕላን ፍጥነቱ ሲወርድ በአንድ ክንፉ ድንገት ወደ ታች ያዘነብላል። ተጠቃሚዎች «አስተካክሉልን» እያሉ ሲጽፉ አቶ መርቪን «እኔን ምን አድርግ ነው የሚሉኝ? ድሮም እንዲህ ነው! ስንቱ የአየር ኃይል ልጅ ላቡ ጠብ እያለ የተማረበት ነው፤ እነሱ ሶፋ ላይ ተቀምጠው ፈሩ?» ብለው መለሱ። አልተስተካከለም።

በ2014 የሞተሩን ድምፅ ከሚበርር ዊራዌይ ቀዱ። ነፋሱ ድምፁን እንዳያበላሽ ማይክሮፎኑን የሱፍ ካልሲ አልብሰው ሜዳ ላይ ሦስት ቀን ተኙ። ዛሬ ተጠቃሚው የሚሰማው ያንን ነው።

ባለፈው ዲሴምበር አንድ ተጠቃሚ፣ በኋለኛው ወንበር በኩል ያለው የመብራት ማብሪያ ሁለት ጣት ያህል ዝቅ ብሎ ተስሏል ሲል ጻፈ። የኋለኛው ወንበር የአሠልጣኙ ነው። ቤቱ ብቻውን የሚያበርር ሰው እዚያ አይቀመጥም፤ በአሥራ ሁለት ዓመት ውስጥ የተቀመጠ ስለመኖሩ ጽሕፈት ቤቱ አልሰማም። አቶ ኖርማን ግን የዊራዌዩ አዲስ እትም ለጃንዋሪ 26 ብሔራዊ በዓል እንዲደርስ፣ ማብሪያውም ከዚያ በፊት በድጋሚ እንዲለካ አዘዙ። ሥዕሉ ከተለካበት እውነተኛ አውሮፕላን የቀረው አካል የሚገኘው ከላይ በተጠቀሰው መጋዘን ነው። የእርሻው ባለቤት ወይዘሮ ኖሊን ኪዩዛክ «ኧረ ኤፕሪል ይሁንላችሁ፤ በዚህ ወር ሙቀት ውሻዬንም እዚያ አላስገባ» ብለው ነበር። ሊቀ መንበሩ «ውሻዋ መቼ አውሮፕላን ይለካል?» አሉና ተሰብሳቢው ሳቀ።

ትእዛዙን በስልክ ያደረስኩት እኔ፣ ጸሐፊዋ ነኝ።

«ኖርማን እስከ ዓርብ ይፈልገዋል» አልኳቸው።

«አንቺ ልጅ» አሉኝ፤ ሰባ አንድ ዓመቴ ነው። «ማብሪያዋ እግር የላት፣ የት ትሄድብናለች?»

«እኔ የተባልኩትን ነው የነገርኩዎት።»

«እሺ በቃ፣ አትቆጪ። ኖርማን ግን የራሱን ውኃ ይዞ ይምጣ በይው፤ ያለፈው ጊዜ የእኔን ጨርሶብኛል።»

በደንባችን ለልኬት ሁለት ሰው ይሄዳል፤ ሁለተኛው አቶ ኖርማን ነበሩ። ዓርብ ጠዋት ደውለው፣ ቤታቸው የአየር ማቀዝቀዣ ጠጋኝ ስለሚመጣ እንደሚቀሩ ነገሩኝ። ይህንንም ለአቶ መርቪን አደረስኩ። ብቻቸውን ነድተው ሄዱ።

የዚያን ቀን ጥላ ሥር አርባ አራት ዲግሪ ነበር። በቆርቆሮው ሥር፣ በአውሮፕላኑ ሆድ ውስጥ ስንት እንደነበረ የለካ የለም። ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ወይዘሮ ኖሊን በኋለኛው ወንበር ላይ ተቀምጠው አገኟቸው። ሜትሩ ጭናቸው ላይ ነበር። በማስታወሻቸው ሦስት ጊዜ የተለካ ልኬት ሰፍሯል፤ ሦስቱም እኩል ናቸው። ማብሪያው በ2011 ከሳሉበት ቦታ የፀጉር ስፋት ያህል እንኳ አልተለየም።

አዲሱ እትም በበዓሉ ቀን ወጥቷል። መግቢያው «ልኬቱ በድጋሚ የተረጋገጠ» ይላል፤ ማን እንዳረጋገጠውና ምን እንዳስከፈለው አይልም። አቶ ኖርማን ከሊቀ መንበርነት እንዲነሡ ጽሕፈት ቤቱ ያቀረበው ጥያቄ ፌብሩዋሪ 17 በጠቅላላ ጉባኤ ድምፅ ይሰጥበታል። አባላት እንዲገኙ እንጠይቃለን።

ማኅበሩ ለልጃቸው ለወይዘሮ ጄኔል፣ ለሁለቱ የልጅ ልጆቻቸው፣ ለቀድሞ የአየር ኃይል ባልደረቦቻቸውና ሥራቸውን በየቤቱ ለሚያበርሩት ሁሉ መጽናናትን ይመኛል። ወይዘሮ ጄኔል በቀብሩ ዕለት «ለመሆኑ አባቴ በዚያ ሙቀት ምን ፍለጋ ነው የሄደው?» ብላ ጠይቃኛለች። ያልጠፋ ነገር ፍለጋ እንደሆነ፣ ሂዱ ብዬ የደወልኩላቸውም እኔ እንደሆንኩ ነግሬያታለሁ። እጄን ለቀቀችኝ፤ አልፈርድባትም።

አቶ ኖርማን ከአባላት የሚፈልጉትን ራሳቸው ይጠይቁ። እኔ ከዛሬ ጀምሮ የእርሳቸውን ትእዛዝ ለማንም ሰው አላደርስም።

ቫልማይ ሆችኪን
የማኅበሩ ጸሐፊ