ሽማግሌ ከበር የሚመልስ መድኃኒት

ልጄ ቃልኪዳን፣ የቤተ ልሔሟ እመቤት ከራስጌሽ አትለይ። እኛ ከሐሳብ በቀር ደኅና ነን። ላሟ ወለደች፤ መብራቱ ይሄዳል ይመጣል፤ የእኔም እንቅልፍ እንደዚያው።

የጤና ጣቢያው ሙሉቀን የመድኃኒትሽን ነገር ለአባትሽ አስረዳቸው። «የሰውነቷ ገዳይ ሕዋሳት ካንሰሩን ሊገድሉ ሲመጡ፣ ካንሰሩ እጃቸውን ይዞ ያቆማቸዋል። በደም ሥሯ የሚሰጣት አንቲቦዲ የሚባለው መድኃኒት ያን መያዣ እጁን ይሸፍንበታል፤ ያን ጊዜ ይገድሉታል» አለ።

አባትሽን ታውቂያቸዋለሽ፤ በእስቴ ደም የተቃባ ሁሉ በእጃቸው ነው የታረቀ። «ካንሰሩ ሽማግሌ ልኮ ነዋ! መድኃኒታችሁ ሽማግሌ ከበር ይመልሳል?» ብለው ተቆጡ።

«አዎ ጋሽ ላቀው፣ ሥራው ይኸው ነው።»

እኔን የጨነቀኝ ሌላ ነው። ገዳዮቹ ገላጋይ ካጡ በዚያው ጤነኛውን ጎረቤትም ቢመቱስ? ሙሉቀንም አልካደም፤ አንዳንዴ አንጀትና ሳንባ ይነካሉ አለ። ተቅማጥ ወይም ሳል ከጀመረሽ ይሉኝታሽን ትተሽ ወዲያው ለሐኪምሽ ንገሪ። አንቺ እንደሆንሽ እግርሽን እባብ ቢነድፍሽም ሰው እንዳላስቸግር የምትዪ ነሽ።

አባትሽ ትናንት ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ምን ብለው እንደጸለዩ ጠየቅኋቸው። «ዕርቁ እንዲፈርስ» አሉ፣ ዓይኔን ሳያዩ።

የምርመራሽ ውጤት ሲመጣ ከእኔ አስቀድመሽ ለእሳቸው ደውዪ፤ ደፍረው አይጠይቁሽም። ጸሎታችን ካለሽበት ይድረስ፤ በእግርሽ መጥተሽ የቤተ ክርስቲያኑን ደጅ ለመሳም ያብቃሽ።

እናትሽ ጌጤ