ለተዋናይቷ የተያዘው መቃብር

ዌስት ሃሎውል፣ ማሳቹሴትስ
ኖቬምበር 10 ቀን 1953

ለውድ ወንድሜ ኤቨረት፣

የካሊፎርኒያ ፀሐይ እንዴት ይዞሃል? እኛ ጋ ውርጩ ገብቷል። እማዬን ሐሙስ ቀበርናት። መሞቷን በቴሌግራም ብነግርህ «ቦታው እንዳይነካ» ብለህ መለስክልኝ። እናቱ ለሞተችበት ሰው ይህን ያህልም መናገር ትልቅ ነገር ነው።

አይዞህ፣ አልተነካም። በዘራችን መቃብር ከአባዬ ጎን የቀረው የመጨረሻው ቦታ ሣሩ እንኳ አልተረገጠም። በ1636 በመርከብ ከመጣው ከጥንቱ አያታችን ከኦባዲያ ፔንደል ዘር አድሚራል፣ ሴናተርና የፊልም ተዋናይት መውጣታቸውን ቆፍረህ ያገኘኸው አንተ ነህ። መቃብሩን በሚያስተዳድረው የዘር ማኅበራችን ቦታው ዝነኛ ለሆነ የኦባዲያ ተወላጅ ብቻ ይሁን ብለህ ደንብ ያስወጣኸውም አንተው። ኦባዲያ ቴአትር የሰይጣን ሥራ ነው ባይ ነበር፤ ተዋናይት የመቃብር ጎረቤት ሆና ስትመጣለት ምን እንደሚል እንጃ። እማዬማ በጋብቻ የገባች የፖርቱጋል ዓሣ አጥማጅ ልጅ ናት፤ ምን ዝና አላት?

ሾርባ እንኳ አልወርድ ባላት ሰሞን የምትጠይቀኝ «ከአባትሽ ጎን ታሳርፉኛላችሁ?» እያለች ነበር። የአጎታችን ልጅ አልደን፣ «አዎ በያትና ልቧ ይረፍ» አለኝ። እኔ ግን አንጀቴ አሮ ነበር፤ እውነቱን ነገርኳት።

«ኤቨረት ለአንዲት ተዋናይት ይዞታል» አልኳት።

«አባትሽን ታውቀዋለች?»

«አታውቀውም።»

«ታዲያ አጠገቡ ተኝታ ምን ልትሆን ነው?»

እማዬ አሁን ያረፈችው መንገድ ዳር፣ ከጋራዡ ጀርባ ባለው የከተማው መቃብር ነው።

ትናንት ደግሞ ደጅ የምትጠናት ተዋናይት ለማኅበሩ የጻፈችው ደብዳቤ ደረሰ። ኤቨረት የሚባል ሰው አላውቅም ትላለች። ስትሞትም አስከሬኗ እንዲቃጠል ተናዝዛለች። ሁለተኛ በሯ ላይ ብትቆም ፖሊስ ትጠራብሃለች። አልደን ጮክ ብሎ ሲያነበው ተሰብሳቢው በሳቅ ፈነዳ። እኔም ሳቅሁብህ። ከሳቁ በኋላ እማዬን ወደ አባዬ እናዛውራት ብዬ ለመንኳቸው። ደንቡን አሳዩኝ፤ ከሥሩ ፊርማህ አለ። ቤት ገብቼ አለቀስሁ።

እማዬ ነፍሷ ሳይወጣ ወደ አፏ አስጠግታኝ «ይህን ለኤቨረቴ ንገሪልኝ» ያለችኝ ነገር አለ። ደግ ነገር ነው። አልነግርህም።

ምን ብላ ይሆን እያልክ የምትኖርበት ረጅም ዕድሜ እግዚአብሔር ይስጥህ።

እህትህ ሎይስ